ጥቁሩን ማን ያስወልቅሽ?

የካ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለነፃነት፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከቤታችን ደጃፍ ተነሥቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ካለሽበት ክፍል ይግባ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ክረምቱ ስለገባ ነው እንጂ ከእኔ ጋር ጠብ የለውም።

የጠየቅሽኝን በስልክ ሳልመልስልሽ መቅረቴ ቅር አሰኝቶሽ ከሆነ ይቅር በይኝ። ድምፅሽን ስሰማ ቃሌ ይቆራረጣል፤ አንቺም ይገባሻል፤ ከዚያ ሁለታችንም "ኔትወርኩ ነው" እንባባላለን። ስለዚህ መጻፍ ይሻለናል ብዬ ነው። ጎረቤታችን አሳየች ለንግዷ ዕቃ ልታመጣ ወደ ኢስታንቡል በመጣች ቁጥር የእኔን ትይዝልኛለች፣ ስትመለስ የአንቺን ታመጣልኛለች። ምንጊዜም የምታርፈው አንቺ በምትሠሪበት ሆቴል ስለሆነ መንገድ አይጠፋባትም። እንደ ጎረቤት ያለ መልእክተኛ የለም፤ በመንገድ ላይ ከፍታ ካላነበበችው።

የእናትሽ ሙት ዓመት እንዳሰብነው ተፈጸመ። የካ ሚካኤል ፍትሐት ተደረገላት፣ ለነዳያንም የአቅማችንን አበላን። ከዚያ ሽማግሌዎች ተነሥተው ሐዘንተኛውን ጥቁር አስወለቁ። አክስትሽን ዘውድነሽን ክንዷን ይዘው ነጭ ነጠላ አለበሷት። አለቀሰች፣ እምቢ አለች፣ ኋላ እሺ አለች። ወጉ እንደዚያ ነው፤ እምቢታውም የወጉ አንዱ ክፍል ነው። ማንም ሰው ጥቁሩን በራሱ እጅ አያወልቅም። ሰው መጥቶ "ይብቃህ" ሊለው ይገባል።

እነሱን ሳይ ነው የአንቺ ጥያቄ የገባኝ። "የእኔንስ ማን ያስወልቀኝ?" ስትይኝ ለቀልድ መስሎኝ ነበር። አሳየች ግን እንደ ቀልድ አልነገረችኝም። ከሥራ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ሥራ ሆነሻል አሉ። እሁድ እሁድ መጋረጃ ዘግተሽ ትውያለሽ። ጓደኛሽ ማርቲ "ነይ እንውጣ" ማለት ሰልችቷት "እማሆይ" እያለች ትጠራሽ ጀመር አሉኝ።

ልጄ፣ ዓመቱ ሞልቷል። እናትሽ ስለ ደሞዝሽ አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም፤ የምትጠይቀው እሁድሽን ነበር። "የት ሄደች? ምን በላች? ማን አጫወታት?" ትለኛለች። እግሯ ከቀበና አልፎ ብዙም አያውቅም፤ ያንን ከተማ ያየችው በአንቺ እሁድ ነው። መርከቡን፣ በትንንሽ ብርጭቆ የሚጠጡትን ሻይ፣ ዳቦ ከሰው እጅ የሚነጥቁትን ነጫጭ ወፎች ሁሉ ለጎረቤት እሷ ነበረች የምታወራው፤ ሄዳ የተመለሰች ነበር የምትመስለው።

ስለዚህ አባትሽ ነኝና በዚህ ደብዳቤ አዝዤሻለሁ፤ አውልቂው።

አባትሽ ወልደ ሐዋርያት


ኢስታንቡል፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017

አባዬ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። አሳየች አልከፈተችውም፤ ግን ሳነብ ዓይን ዓይኔን እያየች አጠገቤ ቆማ ነበርና ያው ነው። ጉልበትህን በቅባት አሽልኝ። ልኬልሃለሁ፣ አረንጓዴው ብልቃጥ ነው።

እንዳዘዝከኝ ላደርግ ሞከርኩ። እሁድ ማርቲ ቢጫ ቀሚሷን አውጥታ "እንኳን ደስ ያለሽ እማሆይ፣ ቆብሽን ጣልሽ!" ብላ አለበሰችኝ። መርከብ መሳፈሪያው ድረስ ሄድን። ሰው ሁሉ ልጁን ይዞ፣ አይስክሬሙን ይዞ ይጋፋል። "ሆዴን አመመኝ" ብያት ተመለስኩ። ማታ ቀሚሷን አጥቤ፣ ተኩሼ ሰጠኋት።

አባዬ፣ ወረቀት "ይብቃሽ" አይልም። የሚለው እጅ ነው። እትዬ ዘውድነሽን ክንዷን ይዘዋታል፤ እኔን ማን ያዘኝ? የለበስኩትን በገዛ እጄ ባወልቀው የሰረቅኩ ነው የሚመስለኝ።

ደግሞ እኔ እንደ ሌላው ሐዘንተኛ አይደለሁም። ያን ቅዳሜ እማዬ አፈር ስትገባ እኔ ለማርቲ ልደት በተከራየነው ጀልባ ላይ ሻርፕ ወገቤ ላይ አስሬ እስክስታ ስመታ ነበር። ቱርኮቹ ያጨበጭቡልኝ ነበር። ፎቶው እስካሁን ማርቲ ስልክ ውስጥ አለ፤ ጥርሴ ሁሉ ይታያል። እናንተ "መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ይፈለግ" ብላችሁ ሰው እስኪገኝ ስትጠብቁ እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስበላ፣ ስስቅ፣ ስዘፍን ሰነበትኩ። አሳየች በማለዳ መጥታ በሬን እስክታንኳኳ ድረስ። ለቀብሩም አልደረስኩ፣ ለዓመቱም የመኖሪያ ፈቃዴ ገና ስላልታደሰ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ታውቀዋለህ።

አሁን ሰው ሲስቅ ስሰማ "ዛሬ ደግሞ ማን ሞቶ ይሆን?" እላለሁ። እንዲህ ተሆኖ ከቤት ይወጣል?

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን ከጀልባው ላይ ደውዬልህ ነበር። "ለእማዬ ስጥልኝ" ስልህ "ተኝታለች፤ አንቺ ተጫወቺ" አልከኝ። የት ቆመህ ነበር? ምን እያሰብክ ነው ተጫወቺ ያልከኝ? ተቆጥተህብኝ ከነበረ ንገረኝ፤ ከመገመት ይሻለኛል።

ነፃነት


የካ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለነፃነት፣

የሰማይ ውኃ ሁሉ እኛ ሰፈር ላይ በሚወርድበት ሰሞን ነው የምጽፍልሽ። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ቀበናን ሞልቶት እስከ ቤት ይሰማል። ቅባቱ ደርሶኛል፤ ጥሩ ነው፣ ሽታው ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገቤ የቆሙትን ያስነጥሳል።

ትእዛዜን ስለመሞከርሽ አመሰግናለሁ። ስለመመለስሽም አልወቅስሽም። እውነትሽን ነው፤ ከሩቅ ሆኖ "አውልቂ" ማለት ቀላል ነው። ስለዚህ እጅ ልፈልግልሽ ተነሣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት አክስትሽ ዘንድ ነው። ባልሄድ ይሻል ነበር፤ ግን ካንቺ አልደብቅም።

"መጥታ መቃብሩ ላይ ታውልቅ" አለች ዘውድነሽ።

"ወረቀቷ አልታደሰም" አልኳት።

"ለጀልባ የፈቀደላት ወረቀት ለእናቷ መቃብር እምቢ አለ?"

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷንም ያቃጠላት መሰለኝ፤ ፊቷን አዞረችና "ቁጭ በል እንጂ ወልዴ፣ ምን ያስቆምሃል፣ ሽሮ ላቅርብልህ" አለች። አልበላም አልኩ። ኋላ በላሁ፤ ዘውድነሽ ካቀረበች እምቢ የሚል ሰው አልተፈጠረም። ክፉ እንዳትያት ልጄ። የቀበረችው እህቷን ነው። ሐዘን አንዱን ያለዝባል፣ አንዱን ይስላል።

ከዚያ የንስሐ አባታችንን መምሬ ሕሩይን ጠየቅኳቸው። "ጥቁር መልበስ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም፤ የሰው ልማድ ነው" አሉኝ። ደስ ብሎኝ "እንግዲያስ ይህንኑ ልጻፍላት?" ብላቸው ሳቁብኝ። "በልማድ የታሰረ በመጽሐፍ አይፈታም። በልማድ ነው የሚፈታው። ሰው ላክላት" አሉኝ። "ማንን ልላክ አባቴ?" ስላቸው "እሱን አንተ ታውቃለህ" ብለው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ ቁልቁለቱ ወረዱ።

አላውቅም። ማታ ማታ አስባለሁ። የማውቀው ሽማግሌ ሁሉ ከየካ ርቆ ከሄደ መርካቶ ነው።

ስለ ስልኩ የጠየቅሽኝን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። አልተቆጣሁሽም። ለአሁኑ ይህን ብቻ ያዢ። የፍልሰታ ጾም ሊገባ ነው፤ ራሴን ልመርምርና የቀረውን እጽፍልሻለሁ። ያልጻፍኩት ካንቺ ለመሸሸግ አይደለም። ነገሩ ለራሴም ያሳፍረኛል፣ ለምን እንደሚያሳፍረኝም ገና አልለየሁትም።

አባትሽ


ኢስታንቡል፣ ነሐሴ 25 ቀን 2017

አባዬ፣

"አልተቆጣሁሽም" አይበቃኝም። ግን እጠብቃለሁ።

እትዬ ዘውድነሽ ያለችውን በመጻፍህ አላዘንኩም። እኔ ራሴን በየቀኑ የምለውን ነው ያለችው።

እዚህ የምንገኝ የአገር ልጆች ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ በመርከብ ወደ ደሴት ልንሄድ ተባብለናል። መኪና የሌለበት ደሴት ነው፤ ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ዳገቱ ላይ ጥድ አለ። ምግብ ይዘን፣ ምንጣፍ አንጥፈን ልንውል። እኔን "ዶሮውን ያላንቺ ማን ይሠራዋል" ብለው ነው የያዙኝ። እሺ አልኩ። ሠርቼ አደርሳለሁ፣ ሙዚቃ ሲጀመር በመጀመሪያው መርከብ እመለሳለሁ። ማርቲ "ታዲያ ዶሮዋን ብቻ ላኪያታ፣ እሷ ቢያንስ አታለቅስም!" ብላ ጮኸችብኝ።

ከእነሱ አንዱ እንዲያስወልቀኝ ያልሞከሩ እንዳይመስልህ። ተማከሩ። ግን ሁላችንም ልጆች ነን፣ ሽማግሌ የለንም። ትልቃችን ኤቢሳ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ እሱም ነጭ ፀጉር ታየኝ ብሎ ቀለም ይቀባል። "እኔ ማን ነኝ ብዬ ክንዷን እይዛለሁ?" አለ። እውነቱን ነው።

እሁድ የምሳለመው የአርመኖቹን ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ነግሬህ ነበር። እዚያ አንዲት አሮጊት አሉ፣ ሁልጊዜ ጥቁር ነው የሚለብሱት። ባለፈው አጠገቤ ተቀምጠው ቀሚሴን ዳበሱና በምልክት "ባልሽ ነው?" አሉኝ። "እናቴ" አልኩ። የእሳቸው ባል የሞቱት እኔ ከመወለዴ በፊት ነው አሉ። ከዚያ ልክ እንደ ዘመዳቸው እጄን ይዘው ተቀመጡ። ተመሳሰልንላቸው።

ፈራሁ አባዬ። መውጣት እፈልጋለሁ። እስከዛሬ አልነገርኩህም፤ እፈልጋለሁ።

ነፃነት


የካ፣ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለነፃነት፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ። ዘንድሮም ለመስከረም አንድ ራጉኤል ወጣሁ። ዳገቱን እያረፍኩ፣ ባሕር ዛፉን እየተደገፍኩ ነው የጨረስኩት። ሰው ነጭ ለብሶ ተራራውን ሞልቶታል። ቅዳሴው ሲያበቃ አንድ ጉቶ ላይ ተቀምጬ ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። "እፈልጋለሁ" የምትለዋ ላይ ስደርስ ከዚህ በላይ ማቆየት ክፋት ነው አልኩ። ስለዚህ ስሚኝ።

ያን ቅዳሜ ከቀብር ተመልሰን፣ እጃችንን ታጥበን ድንኳኑ ውስጥ መቀመጣችን ነበር። ስልኬ ጮኸ። ስምሽን ዘውድነሽ አየችና "አታንሣው" አለች። ተነሣሁና ከማድቤቱ ጀርባ፣ ከውኃው በርሜል ዘንድ ሄጄ አነሣሁት። "አባዬ! ባሕር ላይ ነን!" አልሽኝ። ለእናትሽ ስጥልኝ አልሽ፤ ተኝታለች አልኩ። "እንዳትቀሰቅሳት በቃ፣ ትረፍ" አልሽ። ተጫወቺ አልኩሽ። እዚህ ድረስ ታውቂዋለሽ።

የማታውቂው ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። ስልኩን ሳትዘጊው ቀረሽ። ኪስሽ ውስጥ ከተትሽው ይሁን፣ የሆነ ቦታ አስቀመጥሽው ይሁን አላውቅም። እኔም አልዘጋሁትም። ዘፈኑ ይሰማኛል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ በማላውቀው ቋንቋ አንድ ሰው ይጮኻል፣ አንቺ ትስቂያለሽ። ከድንኳኑ የሴቶቹ ልቅሶ በአንድ ጆሮዬ፣ የአንቺ ሳቅ በሌላው። ዘውድነሽ እስክትጠራኝ ድረስ እዚያው ቆሜ ሰማሁ። በዚያ ቀን በዚያ ግቢ ውስጥ ሞት ያልነካው ነገር እሱ ብቻ ነበር። ደስ አለኝ ልጄ። ሚስቴን በቀበርኩበት ቀን ደስ አለኝ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ዓመት ሙሉ ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ከረምኩ። በጾሙ ለመምሬ ሕሩይ ተናገርኩ። ሰሙኝና "እሷ ብትሆን ስልኩን ትዘጋው ነበር?" አሉኝ። እናትሽን ማለታቸው ነው። አትዘጋውም። እንዲያውም "ዝም በሉ፣ ልጄን ልስማበት!" ብላ ለቀስተኛውን ትቆጣ ነበር።

ስለዚህ ያ ጭፈራሽ ኃጢአት ከሆነ እኔም ከጎንሽ ተቀምጬ በልቼበታለሁ። እኔ ግን እንደ ኃጢአት አልቀመስኩትም። "ተጫወቺ" ያልኩሽ ሳላውቅ ያመለጠኝ ቃል አይደለም። የነበረኝ ምርቃት እሱ ብቻ ነበር።

አሁን ስለ እጁ። ከራጉኤል ስወርድ አሳየች ደጃፏ ላይ ሻንጣ ስታስር አገኘኋት፤ ዘውድነሽም ለአውዳመት እኛ ቤት መጥታ ስለነበር ተከትላኝ ወጣች። ነገሩን ለሁለቱም ፊት ለፊት አነሣሁት።

አሳየች አላስጨረሰችኝም። "ጋሽ ወልዴ፣ እስከዛሬ ለምን አልነገሩኝም? በዚያ ማለዳ ከሻንጣዬ ጥቁር ሻርፕ አውጥቼ ራሷ ላይ የጣልኩት እኔ አይደለሁም? ያለበስኳት እኔ፣ ሌላ ማን ሊያስወልቃት ነው?"

"አንቺማ በሃይማኖትሽም ጥቁር የለም" አለች ዘውድነሽ። "እናንተ በቀብር ላይ የምትዘምሩ። ምኑን ታውቂበታለሽ?"

"መርዶ ነጋሪ ስትፈልጉማ ሃይማኖቴን የጠየቀኝ የለም፣ እትዬ ዘውድነሽ! 'ሂጂልን' ነው ያላችሁኝ።"

ዘውድነሽ ወደ ቤት ልትገባ ዞረች። አሳየች ግን አልጨከነችባትም፤ ጠጋ ብላ "እርስዎ መሄድ ስላልቻሉ ነው እንጂ ቦታው የእርስዎ ነው። በእርስዎ ስም ልሂድ?" አለቻት። ዘውድነሽ የነጠላዋን ጫፍ አጠፈች። "እሺ" አላለችም። "ስትይዣት በቀኝ ክንዷ ያዣት" ብላ ገባች።

ይኸው ነው። አሳየች ትመጣለች። እንደ ሽማግሌ ተቀበያት። እምቢ በያት፤ ወጉ ነውና ደጋግመሽ እምቢ በያት። በመጨረሻ ግን እሺ በያት።

አባትሽ ወልደ ሐዋርያት


የካ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለነፃነት፣

ደብዳቤሽንም፣ ደሴቱ ላይ የተነሣሽውን ፎቶም ተቀበልኩ። አሳየች ደግሞ ቃል በቃል፣ በእጅም በእግርም እየሠራች ነገረችኝ። እንግዶች በሞሉበት፣ ሆቴሉ መግቢያ ላይ ክንድሽን ስትይዝሽ አለቃሽ ሌባ የያዘች መስሎት ዘበኛ መጥራቱን ሰምቼ ሳቅኩ። ለምን እስከ ክፍልሽ እንዳልጠበቀች ብጠይቃት "ክፍል ከገባንማ በር ዘግታ ታለቅስብኛለች፤ ሰው ፊት ይሻላል" አለችኝ። ከሦስተኛው እምቢታ በኋላ "እሺ" ማለትሽንም ነገረችኝ። እዚያ ላይ ወሬዋን አቋርጣ ተነሥታ ሄደች።

ከደሴቱ በመጀመሪያው መርከብ አለመመለስሽን ጽፈሽልኛል። ሙዚቃው ሲጀመር እንደተቀመጥሽ ነበርሽ፣ ማርቲ ብትጎትትሽም አልተነሣሽም፤ ግን በላሽ፣ አንድ ጊዜም ከልብሽ ሳቅሽ። አልጨፈርኩም ብለሽ ደግሞ ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ። ጭፈራ ግዴታ ነው ያለሽ ማነው? መቀመጥሽ ይበቃኛል። ኤቢሳ ዶሮውን ሦስት ጊዜ ደግሞ ከፀጉሩ ይልቅ ሸሚዙን በወጡ ቀባው ያልሽውን ለመምሬ ሕሩይ ነገርኳቸው።

ፎቶውን ለዘውድነሽ አሳየኋት። መነጽሯን አስመጥታ፣ ወደ ብርሃኑ ወጥታ ለረጅም ጊዜ አየችሽ። ቢጫው ቀሚስ ላይ አንድ ነገር ትላለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። "ከስታለች" አለች። "ምን እያበሏት ነው?" ከዚያ በርበሬ ማዘጋጀት ጀመረች፤ በሚቀጥለው ጉዞ አሳየች ትሸከመዋለች እንግዲህ። ፎቶውን አልመለሰችልኝም።

"አንተስ አባዬ?" ብለሽ ላነሣሽው፣ አሳየች ነግራሽ ይሆናል እንጂ እኔ ልሸሽገው ነበር የፈለግኩት። እውነት ነው። በሙት ዓመቱ ሽማግሌዎቹ ወደ እኔም መጥተው ነበር። እምቢ አልኳቸው፤ እንደ ወጉ መስሏቸው ደገሙኝ፣ ሰለሱኝ። ኋላ የምሬን መሆኔን አይተው ተዉኝ። ላንቺ አውልቂ እያልኩ እኔ ለብሼ መቀመጤ ግብዝነት ይመስልሻል። እኔም አስቤበታለሁ።

የአንቺና የእኔ ግን አንድ አይደለም። ጥቁሩ አንቺን ከሰው ለይቶ ክፍል ውስጥ ዘግቶሽ ነበር። እኔን ከሰው አልለየኝም። ወደ እንጦጦ እወጣለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ፣ ከጎረቤት ጋር እጨቃጨቃለሁ። ማለዳ ስለብሰው ግን ከእሷ ጋር የጀመርኩት ወሬ ያልተቋረጠ ይመስለኛል። አርባ ዓመት ያወራነው ወሬ ነው፣ በአንድ ዓመት አያልቅም። ደግሞ እናት ልጇን ወደፊት ነው የምትገፋው፤ ባልና ሚስት አንዳቸው ሌላውን ይጠባበቃሉ። አልቆጣም፣ ሰው ሲመጣም በሬን አልዘጋም። የእኔ ቀን ሲደርስ እኔም ለሚይዘኝ ክንዴን እሰጣለሁ።

እስከዚያው አንቺ ቀድመሽ ሂጂ ልጄ። እኔ ከእሷ ጋር ትንሽ ልቆይ።

አባትሽ ወልደ ሐዋርያት